የአሜሪካ ኮንግረስና ፕሬዚዳንቱ ሲፋጠጡ ሕግ አይወጣም ለምትሉ፦ የ1995 እና 96ን ታስታውሳላችሁ?

የአርሊንግተኑ

ሰላም ወገኖች። ሰሞኑን ሥራ ቦታ አንድ ወጣት ልጅ "ኮንግረሱ በአንዱ ፓርቲ፣ ዋይት ሀውስ በሌላው እጅ ሲሆን ጥሩ ነው፣ እርስ በርስ ሲፋጠጡ እኛን አይነኩንም" አለኝ። ልጁ የሚያነብ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁም። ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ስላደረ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ያንን ዘመን እዚሁ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። 104ኛው ኮንግረስ ይባላል፣ ከጥር 1995 እስከ ጥር 1997 (ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ፕሬዚዳንቱ ቢል ክሊንተን፣ ዴሞክራት። ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ የተወካዮቹም ሴኔቱም፣ ግን ሪፐብሊካን። ሪፐብሊካኖች ሁለቱንም አንድ ላይ ሲይዙ በ40 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር። ያኔ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሮስሊን፣ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ በዙሪያው ያሉት የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ናቸው። ኅዳር 1995 ላይ መንግሥት ሲዘጋ ጋራዡ ባዶ ሆነ። አለቃችን በሳምንት ስድስት ቀን የነበረውን ሥራዬን ወደ ሁለት ቀን አወረደው። ቤት ኪራይ ግን አልወረደም። ያ አልፎ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተዘጋ፣ ይሄኛው ደግሞ 21 ቀን ቆየ።

ሰው ሁሉ ስለዚያ ዘመን የሚያወራው ይሄንን መዘጋት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያ ምክር ቤት አልተኛም። ዛሬም ድረስ የምንኖርባቸውን ትልልቅ ሕጎች ያወጣው እሱ ነው፣ የዌልፌሩን (ለችግረኛ የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ)፣ የኢሚግሬሽኑን፣ የቴሌኮሙን፣ የጤና ኢንሹራንሱን፣ የደሞዙን። ሁለቱ ፓርቲዎች ሲደራደሩ ደግሞ አንዱ ለሌላው የሚለቀው ነገር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የተለቀቀው የእኛ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ያኔ ግሪን ካርድ እንጂ የምርጫ ካርድ አልነበረንም።

ሰላም ከዴንቨር

ጋሼ ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ በ2014 ነው የመጣሁት፣ የ2018ቱን የ35 ቀን መዘጋት አይቻለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር እስካሁን አልገባኝም። መንግሥት እንዴት ይዘጋል? ገንዘብ አልቆ ነው?

የአርሊንግተኑ

ገንዘብ አልቆ አይደለም ወንድሜ። ሕገ መንግሥቱ ከግምጃ ቤት ሳንቲም የሚወጣው በሕግ ሲፈቀድ ብቻ ነው ይላል። የበጀት ዓመቱ መስከረም 30 ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊት ኮንግረሱ የወጪ ሕጎቹን ማጽደቅ አለበት፣ ያኔ 13 ነበሩ። ካልደረሰ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጣል፣ ለተወሰነ ሳምንት በአምናው ልክ ቀጥሉ እንደማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመበት ወይም ኮንግረሱ ካላወጣው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሠራተኛውን ቤት ይልከዋል። ወታደር፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ፣ የእስር ቤት ጠባቂ የመሳሰሉት ይሠራሉ፣ ደሞዛቸው ግን ይቆያል። በመጀመሪያው ዙር 800 ሺህ ያህል ሠራተኛ ቤቱ ተቀመጠ። በሁለተኛው ዙር አንዳንዶቹ የወጪ ሕጎች በመካከል ስለጸደቁ ቁጥሩ ወደ 284 ሺህ ወረደ፣ ሌላ 475 ሺህ ያህል ደግሞ ያለደሞዝ ሠራ።

ፒያሳ ልጅ

የዚያን ጊዜ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ታላቅ ወንድሜ የ96 ዲቪ ደርሶት። ወረቀቱ ሁሉ አልቆ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ሲጠብቅ "አሜሪካን ተዘግቷል" ተባለ። እናታችን አገር እንዴት ይዘጋል ብላ ሬዲዮ ላይ ተጣበቀች። ዲቪ ደግሞ ቀን አለው፣ እስከ መስከረም 30 ካልተሰጠህ ዕድልህ ይቃጠላል። ያኔ በመላው ዓለም በየቀኑ ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ የቪዛ ማመልከቻ ሳይስተናገድ ይቀር እንደነበር ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለእኛ ግን አንድ ማመልከቻ ነበረች። ፋሲካ አልፎ ተጠራ፣ ገባ፣ ዛሬ አትላንታ ነው። እነዚያን ሳምንታት ግን እስካሁን ያነሳቸዋል።

መምህር ነኝ

የአርሊንግተኑ፣ ከሥሩ ካልተነሳ ጸቡ ለምን እንደመጣ አይገባም። እኔ እዚህ ኮሌጅ የአሜሪካ መንግሥት አስተምራለሁና ትንሽ ልጨምር።

ኅዳር 1994 ላይ ክሊንተን ሁለት ዓመት ገዝቶ፣ የጤና ኢንሹራንስ ዕቅዱ ወድቆ፣ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ኒውት ጊንግሪች የሚባል የጆርጂያ ተወካይ ከምርጫው ስድስት ሳምንት በፊት ከ300 በላይ እጩዎችን ካፒቶሉ ደረጃ ላይ አሰልፎ "ውል ከአሜሪካ ጋር" የሚል ሰነድ አስፈረመ። ካሸነፍን በ100 ቀን ውስጥ እነዚህን አሥር ነገሮች ለድምፅ እናቀርባለን ነው ውሉ። አሸነፉ። በተወካዮች ምክር ቤት 54 ወንበር ጨመሩ፣ 230 ለ204 ሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻ የግል ነበር፣ እሱም በርኒ ሳንደርስ ነው። የዴሞክራቶቹ አፈ ጉባኤ ቶም ፎሊ የራሱን ወረዳ አጣ። አፈ ጉባኤ ሆኖ በራሱ ወረዳ የተሸነፈ ሰው ከ1862 ወዲህ አልነበረም።

እና በ100 ቀን ውስጥ እውነትም አቀረቡ። ከአንዱ በቀር ሁሉንም በተወካዮች ምክር ቤት አሳለፉ። ያልሆነላቸው የተወካዮችን የሥልጣን ዘመን የሚገድበው ነው፣ ሕገ መንግሥት ለመቀየር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ። ሴኔቱ ግን ሌላ ቤት ነው። ቦብ ዶል ነበር መሪው፣ የካንሳስ ሰው፣ በጦርነት ክንዱ የተጎዳ፣ ነገር የሚያቀዘቅዝ። በጀት ሳይጎድል ይመጣጠን የሚለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚያ በአንድ ድምፅ ወደቀ። የተቃወመው ሪፐብሊካን ማርክ ሃትፊልድ ብቻ ነበር፣ የኦሪጎኑ። የራሱ ፓርቲ ሰዎች ከኮሚቴ ሊቀመንበርነቱ ሊያነሱት ፈለጉ። ከሥልጣኔ እለቃለሁ እንጂ ድምፄን አልቀይርም ባይ ሆነ። እኔ ሃትፊልድን ሁሌ ለተማሪዎቼ አነሳዋለሁ። "መከፋፈል" ስንል በሁለት ፓርቲ መካከል ብቻ አይደለም፣ በአንዱ ፓርቲ ውስጥ በሁለቱ ምክር ቤቶች መካከልም ነው።

ሰላም ከዴንቨር

ታዲያ ከዚህ ተነስቶ መዘጋት ላይ ምን አደረሳቸው?

መምህር ነኝ

ገንዘብ። ሪፐብሊካኖቹ በጀቱን በሰባት ዓመት ውስጥ እናመጣጥናለን አሉ። ያንን ለማድረግ ደግሞ የሜዲኬርን (የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ)፣ የሜዲኬይድን (የድሆች የጤና ኢንሹራንስ)፣ የትምህርትን ወጪ ዕድገት መቀነስ፣ ግብርም መቀነስ። ጊዜያዊ ፈቃዱ ላይ የአረጋውያን የሜዲኬር ወርሃዊ ክፍያ እንዳይወርድ የሚያደርግ አንቀጽ ሰክተው ላኩት። ክሊንተን አልፈርምም አለ። ታኅሣሥ 6 ላይ ትልቁን የበጀት ረቂቅ ቪቶ ሲያደርግ፣ ማለትም ውድቅ አድርጎ ሲመልሰው፣ ሊንደን ጆንሰን በ1965 ሜዲኬርን የፈረመበትን እስክሪብቶ አስመጥቶ ነው እምቢታውን የፈረመው። እንዲህ ያለ ነገር ቴሌቪዥን ላይ ሲታይ ለአረጋዊ መራጭ ምን እንደሚል አስቡት።

ጊንግሪች ደግሞ፣ ያኔ አፈ ጉባኤው እሱ ነው፣ ራሱን ጎዳ። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ተገድሎ ለቀብሩ በፕሬዚዳንቱ አውሮፕላን አብረው ሄደው ነበር። ሲመለሱ በኋላ በር አስወረዱን፣ በመንገዱም ሁሉ ስለ በጀቱ አላናገረንም ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ጠንከር ያለ ረቂቅ ለመላካችን ይሄም አንድ ምክንያት ነው አለ። በማግስቱ የኒውዮርክ ጋዜጣ ሽንት ጨርቅ የታጠቀ ሕፃን አድርጎ ፊት ገጹ ላይ ሣለው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ጥፋቱን ወደ እነሱ አዞረ። ጥር መጀመሪያ ላይ ዶል ራሱ በቃ አለ።

እመቤት ሲልቨር ስፕሪንግ

መንግሥት የተከፈተው በገና ዋዜማ ነው፣ ጥር 6። በደንብ አስታውሳለሁ፣ ምክንያቱም በዚያው ሌሊት ያ አውሎ ነፋስ የቀላቀለ በረዶ መውረድ ጀመረ። የኛ ገና እሑድ ነበር የዋለው። ቤተ ክርስቲያን መድረስ አልቻልንም፣ መኪናችን ከነጭራሹ አይታይም። ዶሮው ተሠርቶ ጎረቤት ብቻ በላው። ሰኞ ሥራ ይገባሉ የተባሉት የመንግሥት ሠራተኞች በበረዶው ምክንያት እንደገና ቤታቸው ዋሉ።

ግን እኔ የመጣሁት ሌላ ነገር ልጽፍ ነው። የአርሊንግተኑ ስለ ዌልፌሩ ያልከው እውነት ነው። ቤታችን ገብቷል።

እናቴን ወንድሜ ነው በ1989 ያመጣት። አርጅታለች፣ እዚህ ሠርታ አታውቅም፣ ጉልበቷን ታማለች። ኤስኤስአይ፣ ለችግረኛ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ወርሃዊ ገንዘብ፣ ታገኝ ነበር፣ መድኃኒቷም በዚያው የተያያዘ ነው። ነሐሴ 22፣ 1996 ላይ ክሊንተን የዌልፌሩን ሕግ ፈረመ። ሁለት ጊዜ ቪቶ ካደረገው በኋላ ሦስተኛው ሲመጣ ፈረመ። ምርጫ ሦስት ወር አልቀረውም። ሕጉ ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ግብር የሚከፍል ቤተሰብ ቢኖረውም፣ ከጥቂቶች በስተቀር ኤስኤስአይና ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ ድጎማ) አይገባውም አለ። በ1997 መጀመሪያ ደብዳቤ መጣ። ዜጋ መሆንሽን ካላረጋገጥሽ ይቋረጣል ይላል። እኔ ነኝ ያነበብኩላት። እንደ ደብዳቤ አንብቤ ጨርሼ ቀና ስል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ልጆቼ ሦስተኛና አምስተኛ ክፍል ነበሩ፣ አያታቸውን መቶውን የዜግነት ጥያቄ ያስጠኗታል። ቡና እየቆላች "ሴኔት ስንት ሰው አለው?" ሲሏት በአማርኛ መቶ ትላለች፣ በእንግሊዝኛ እንድትል ይመልሷታል።

የአርሊንግተኑ

እመቤት፣ እግዜር ይስጥሽ ስለጻፍሽው። ያን ዓመት ለዜግነት የነበረው ሰልፍ ትዝ ይላችኋል? በ1996 የበጀት ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው ዜጋ የሆነው፣ ያን ያህል ሰው በአንድ ዓመት ዜጋ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሰው በፍርሃት ነው የተሰለፈው። ሕጉ ይቆጥባል ከተባለው ገንዘብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከስደተኞች ነበር የሚመጣው። ከዌልፌር ተጠቃሚዎች ግን ስደተኛው ትንሹ ክፍል ነው።

ሚዛን ይጠበቅ

ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን አንድ ወገን ብቻ እየተወራ ነው። እኔም ያኔ እዚሁ ነበርኩ፣ ታክሲ ስነዳ። ሙዚየሞቹ ተዘግተው ቱሪስት ሲጠፋ እኔም ተጎድቻለሁ። ግን ያ ዘመን ውጤት አላመጣም? ከ1998 ጀምሮ አራት ዓመት ተከታታይ በጀቱ ትርፍ አሳየ። አንድ ፓርቲ ብቻውን ቢሆን ይሄ አይሆንም ነበር። ዴሞክራቶቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ወጪ ያበዛሉ፣ ሪፐብሊካኖቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ግብር ይቀንሳሉ። ተያይዘው ነው ያስተካከሉት። ዌልፌሩም ቢሆን በሴኔት 78 ለ21 ነው ያለፈው፣ ከዴሞክራቶቹ ግማሽ ያህሉ ደግፈውታል። ብዙ ሰው ሥራ ገባ።

ሌላም አለ። የዝቅተኛው ደሞዝ ጭማሪ የወጣው በዚያው ሪፐብሊካን ኮንግረስ ነው። ነሐሴ 1996። ከ4.25 ወደ 4.75፣ ከዚያ በዓመቱ 5.15። ዴሞክራቱ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ በየረቂቁ ላይ እንደ ማሻሻያ እየለጠፈ አላስተኛ አላቸው፣ በመጨረሻ ለትንንሽ ነጋዴዎች የግብር ቅናሽ ተሰጥቶ አለፈ። ጋራዥ የሚሠራ ሐበሻ በዚያ አልተጠቀመም?

የአርሊንግተኑ

ተጠቅሟል፣ እኔ ራሴ ተጠቅሜያለሁ። ያንን አልክድም። የመጀመሪያው ልዩነት ያለበት ደሞዝ ስቀበል ለባለቤቴ ያሳየኋት ትዝ ይለኛል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ሲከፋፈሉ ሥራ ይሠራል። ጥሩውም ክፉውም።

መምህር ነኝ

ስለ ትርፉ ግን አንድ ነገር ልበል። ሚዛን ይጠበቅ፣ የ1997ቱ የበጀት ስምምነት ረድቷል፣ ግን ብቻውን አይደለም። የ1990ው የበጀት ስምምነት አለ። የ1993ቱ አለ፣ ያኔ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም፣ በሴኔት እኩል ለእኩል ሆኖ ምክትል ፕሬዚዳንቱ አል ጎር ነው ድምፁን ሰጥቶ ያሳለፈው። ከዚያ ደግሞ ኢኮኖሚው ያደገበት ጊዜ ነበር፣ ኮምፒውተሩ፣ ኢንተርኔቱ፣ የግብር ገቢው። አንዱን ኮንግረስ ብቻ ማመስገን ይከብዳል።

ወንድሜን ያመጣሁ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ ሌሊት ነው የምሠራው። ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

በዚያው 104ኛ ኮንግረስ ሕጋዊ ኢሚግሬሽንን ራሱን የሚቆርጥ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። ላማር ስሚዝ በተወካዮች ምክር ቤት፣ አላን ሲምፕሰን በሴኔት። ዜጋ ወንድምና እህቱን የሚያመጣበትን መስመር ይዘጋል፣ ትልልቅ ልጆችን ያስወጣል፣ ዲቪንም ይቀንሳል። እኔ በዚያን ጊዜ ለወንድሜ ማመልከቻ አስገብቼ ተራ እጠብቃለሁ። ካለፈ አለቀ ማለት ነው።

ያተረፈን ምን መሰላችሁ? መጋቢት 21፣ 1996 ላይ ሁለት ሪፐብሊካኖችና አንድ ዴሞክራት፣ ክራይስለር ከሚሺጋን፣ ብራውንባክ ከካንሳስ፣ በርማን ከካሊፎርኒያ፣ አንድ ላይ ሆነው ማሻሻያ አቀረቡ። ሕገ ወጡን ከሕጋዊው ለዩት፣ የሕጋዊውን ክፍል ከረቂቁ አውጡት ነው ማሻሻያው። 238 ለ183 አለፈ። በሴኔት ኮሚቴም ስፔንሰር ኤብርሃም የሚባል ሪፐብሊካን ከኬኔዲ ጋር ሆኖ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። እነዚህ ሰዎች በሌላ ነገር ሁሉ የሚጣሉ ናቸው። ከኋላቸው ቤተ ክርስቲያኖች፣ የኮምፒውተር ኩባንያዎች፣ የስደተኛ ማኅበራት፣ የወግ አጥባቂ ነፃ ገበያ ሰዎች ቆመው ነበር። ወንድሜ በመጨረሻ መጣ። ብዙ ዓመት ፈጅቷል፣ ግን መጣ። ከዚያ ወዲህ በዲቪ የገባውን ሐበሻ ሁሉ ቁጠሩ እስቲ።

ዲቪ ራሱስ የመጣው ከየት ነው? ከ1990ው ሕግ። ኮንግረሱ ዴሞክራት፣ የፈረመው ትልቁ ቡሽ፣ ሪፐብሊካን። ያንን የገፋው ወረቀት ያልነበራቸው የአየርላንድ ሰዎች ጉዳይ ነበር፣ እኛን ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

የአርሊንግተኑ

ይሄን አላውቅም ነበር። እውነት ነው የምልህ፣ ስለ ሕገ ወጥ ኢሚግሬሽን የወጣውን ሕግ ነበር የማውቀው። እሱ መስከረም 30፣ 1996 ተፈረመ፣ የበጀቱ ዓመት በሚያልቅባት ቀን፣ ከበጀቱ ጋር ታስሮ። እንደገና መዘጋት የፈለገ ሰው ስላልነበረ አለፈ። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመልክት የሚለው፣ ያለ ወረቀት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ አሥር ዓመት እንዳይገባ የሚለው፣ ዘመዱን የሚያመጣ ሰው በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ የዋስትና ወረቀት እንዲፈርም የሚለው፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ክሊንተን ከውስጡ ያስወጣው አንድ ነገር ወረቀት የሌላቸው ልጆች ከትምህርት ቤት እንዲከለከሉ የሚፈቅደውን ነው። ያቺ አንዷ ባትወጣ ስንት ልጅ ደጅ ይቀር ነበር።

ከቦሌ

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ጥያቄ አለኝ። እኛ አገር እንዲህ ዓይነት መፋጠጥ ሊኖር ይችላል?

መምህር ነኝ

እንደዚህ አይሆንም ከቦሌ። እኛ ጋ ሥርዓቱ ፓርላሜንታዊ ነው። በ1987ቱ (በእኛ) ሕገ መንግሥት አስፈጻሚውን የሚያደራጀው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። ስለዚህ አስፈጻሚውና አብላጫው አንድ ወገን ናቸው። ጥምረት ቢፈርስ ሌላ ጥምረት ይሞከራል ወይም ምርጫ ይጠራል። አሜሪካ ግን ፕሬዚዳንቱን ለብቻ፣ ተወካዮቹን ለብቻ፣ ሴኔቱን ለብቻ ትመርጣለች፣ በተለያየ ጊዜ። ሕዝቡ በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊል ይችላል፣ ሁለቱም ድምፅ ይጸናል። በ1996 ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቱንም አለ፣ ክሊንተንን መረጠ፣ ኮንግረሱንም ለሪፐብሊካኖች መለሰ።

ሚዛን ይጠበቅ

ወንድሜን ያመጣሁ የጻፍከው ለእኔም አዲስ ነው። አመሰግናለሁ። የአርሊንግተኑ፣ "የተለቀቀው የእኛ ነገር ነው" ያልከውን እዚህ ላይ ግን አንድ ጊዜ የዳነው የእኛ ነገር መሆኑን ጨምርበት።

የአርሊንግተኑ

እጨምራለሁ። ልክ ነህ። ለልጁም ነገ ይሄን ክር እልክለታለሁ።

ሰላም ከዴንቨር

እመቤት፣ እናትሽ ምን ሆኑ? አልነገርሽንም።

እመቤት ሲልቨር ስፕሪንግ

ነሐሴ 1997 ላይ ሌላ ሕግ ወጣ፣ ያ በጀት ያመጣጥናል የተባለው። የዌልፌሩ ሕግ ሲፈረም ኤስኤስአይ ሲያገኙ የነበሩትን ሰዎች መለሳቸው። ስለዚህ አንድም ወር አልተቋረጠባትም። ፉድ ስታምፑ ግን ቀረ፣ ለአረጋውያን የተመለሰው በ1998 ነው። በመካከል እኛ ሸፈንን።

ተመልሶልሻል፣ እንግዲህ ጥናቱን ተዪው ስላት እምቢ አለች። ጀምሬያለሁ አለች። በ1998 ጸደይ ተፈተነች። ፈታኟ "ሕግ የሚያወጣው ማነው?" አለቻት። "ኮንግረስ" አለች፣ ከዚያ ሳትጠየቅ ሁለቱን ምክር ቤቶች በየተራ ጠራችላት። ልጆቼ እንዳስጠኗት።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ድምፅ ሰጠች። ነጠላዋን ለብሳ፣ በብርድ፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄደን። ከሦስት ቀን በኋላ ጊንግሪች ከአፈ ጉባኤነቱ እለቃለሁ ሲል ዜናው ላይ ሰማች። የፓርቲው ወንበር ስለቀነሰ ነው ስላት ዝም ብላ አሰበችና "ከኔ ጋር ስንት ሰው ነው የመረጠው?" ብላ ጠየቀችኝ።